የመስታወት ግድግዳና የኅሊና ጥያቄ

ግልጽ ሆኖ የሚታይ ነገር ሁሉ እውነተኛ ነውን? ስለ ሰው ስንጠይቀው የኖርነው ይህ ጥያቄ ለሕንፃም ሊቀርብ ይገባል፤ ሕንፃም እንደ ሰው ፊት አለውና።

በኒውዮርክ ከተማ፣ ከዎል ስትሪት አቅራቢያ፣ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ሥራው ሲጠናቀቅ የቼዝ ማንሃታን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዛሬ ባለቤቱም ስሙም ተለውጧል። አርክቴክቱ ጎርደን ባንሻፍት በጠባብ ጎዳናዎችና በከባድ የድንጋይ ሕንፃዎች መካከል በአሉሚኒየምና በመስታወት የተሸፈነ ግንብ አቆመ፤ ከቦታውም ሰፊውን ክፍል ለአደባባይ ተወ። ብርሃን ለተነፈገ ሠፈር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ውበቱን መካድ ሐሰት ይሆናል።

የቀድሞዎቹ ባንኮች እንደ ምሽግ በወፍራም ድንጋይ ይታነጹ ነበር። መስታወቱ ግን መንገደኛውን «የምንደብቀው የለም» የሚለው ይመስላል። ሆኖም ግምጃ ቤቱ የተሠራው ከመሬት በታች ነው። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር፣ ሰሙ ላይ፣ ወርቁ ታች ሆነ። ባለቅኔ ግን ሰሙን የሚያበጀው ሰሚው ወርቁን ፈልጎ እንዲያገኝ ነው፤ እዚህ መንገደኛው የተፈቀደለት ሰሙን ማድነቅ ብቻ ነው።

ሕንፃው በመሠራት ላይ ሳለ፣ በ1960፣ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ 69 ሰዎችን ገደለ። ባንኩ ከዚያም በኋላ ለአፓርታይድ መንግሥት አበደረ። በ1965 አሜሪካውያን ተማሪዎች ይህን በመቃወም ከሕንፃው ደጃፍ ተቀመጡ፤ ፖሊስም ያዛቸው። መስታወቱ ጠረጴዛውንና ጸሐፊውን ያሳያል፤ በጠረጴዛው ላይ የሚፈረመው ውል በሌላ አህጉር የማንን ክንድ እንደሚያበረታ ግን አያሳይም።

አደባባዩም ቢሆን በ2011 የዎል ስትሪት ተቃዋሚዎች በተነሡ ጊዜ ታጠረ። ባለቤቱ ሲሻ የሚያጥረው አደባባይ ውሰት እንጂ ስጦታ አይደለም።

ታዲያ ጥፋቱ የአርክቴክቱ ነውን? ብድሩን እርሱ አልፈረመም። ይሁን እንጂ ቅርጹን የሠራ ሰው ስለ ይዘቱ ባይፈረድበት እንኳ ከመጠየቅ አያመልጥም። ይህ ጥያቄ በቃልና በቀለም የምንሠራውንም ይመለከታል፤ ዐረፍተ ነገራችን ስለ ጠራ ብቻ እውነት ተናግረናል ማለት አንችልም።