የተከላካዩ ዕዳ

አገር አስተምራ፣ አብልታና አልብሳ ያሳደገችው ሰው ችሎታው ሲጎመራ፣ የዚያ ችሎታ ባለቤት ማን ነው? እሱ ራሱ ነው ወይስ ያሳደገችው አገር? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሐኪሞችን፣ መሐንዲሶችንና ሯጮችን እያሠለጠኑ ወደ ሌላው ዓለም የሚሸኙ አገሮች ሁሉ ዘወትር ያነሱታል። ለሄደው ሰው የሚያደላው «ነፃነት» ይላል፤ ለቀረችው አገር የሚያደላው «ውለታ» ይላል፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። ከዚህ አልፎ ለማሰብ የአንድ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ የሕይወት ጉዞ ጥሩ መንገድ ይከፍታል። ሰውየው ቪያቼስላቭ ፌቲሶቭ ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌቲሶቭ በ1958 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። ገና በልጅነቱ የሶቪየት ጦር ሠራዊት ክለብ የሆነው ሲኤስኬኤ ወደሚያስተዳድረው የሆኪ ትምህርት ቤት ገባ። የሶቪየትን ሆኪ ከመሠረቱ የቀረጸው አናቶሊ ታራሶቭ ጨዋታውን ከባሌት ዳንስና ከቼዝ ጋር እያነጻጸረ የሚያስተምር ሰው ነበር። ለእርሱ ጉልበት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ዋናው ነገር ቅብብልና ጓደኛ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ትንሹ ፌቲሶቭ ያደገው በዚህ ትምህርት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ሰዎች በበረዶው ላይ ይሰለፋሉ፤ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች። በኳስ ፈንታ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች፣ ፐክ የምትባል ጠፍጣፋ ክብ አለች። የሚመቷት ጫፉ በታጠፈ ዱላ ስለሆነ የገና ጨዋታን ያየ ሰው ብዙም አይገረምም። ተከላካዮች ሁልጊዜ ጥንድ ናቸው። አንዱ ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው የኋላውን ይጠብቅለታል፤ ስለዚህ ተከላካይ ዘወር ብሎ ሳያይ ጓደኛው በቦታው መኖሩን ማመን አለበት። ፌቲሶቭ ከኋላ ተነሥቶ ማጥቃትን የሚወድ ተከላካይ ነበር። ጥንዱም አሌክሴይ ካሳቶኖቭ ነበር። ሁለቱ ከአጥቂዎቹ ከላሪዮኖቭ፣ ከክሩቶቭና ከማካሮቭ ጋር ሆነው በ1980ዎቹ ዓለም እኩያ ያላገኘለትን ቡድን ሠሩ። በ1984 በሳራዬቮ፣ በ1988 ደግሞ በካልጋሪ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኙ። ሲኤስኬኤም ከ1977 እስከ 1989 ድረስ የአገሩን ሻምፒዮና 13 ጊዜ በተከታታይ ወሰደ።

የዚህ ክብር ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከ1977 ጀምሮ የክለቡም የብሔራዊ ቡድኑም አሠልጣኝ የነበረው ቪክቶር ቲኮኖቭ ተጫዋቾቹን እስከ 11 ወር ድረስ በካምፕ ያኖራቸው ነበር። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ቤቱን የሚያየው በፈቃድ ነው። ተጫዋቾቹ በማዕረግ የጦር መኮንኖች ስለ ነበሩ ሥራ መልቀቅ ማለት ከሠራዊቱ መሰናበት ማለት ነበር፤ ያለ ፈቃድ መቅረትም መክዳት። ፌቲሶቭ ራሱ ሻለቃ ነበር። መንግሥት የሰጠው ማዕረግ ክብርም ሰንሰለትም ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው። ቲኮኖቭንም ቢሆን እንደ ጨካኝ ብቻ መሣል አይገባም። እርሱም በወጣትነቱ ተከላካይ ነበር፤ የጠየቀውን ሁሉ የጠየቀው በዚያው መንግሥት ስም ነው፤ ቢሸነፍ ኖሮም ተጠያቂው እርሱ ነበር።

በኒው ጀርሲ የሚገኘው ዴቭልስ የተባለ የአሜሪካ ቡድን ፌቲሶቭን በ1983 በተጫዋቾች ምርጫ ስሙን አስመዝግቦ ይጠብቀው ነበር። ከካልጋሪ ድል በኋላ እንደሚለቀቅ ተስፋ ተሰጠው፤ ተስፋው ግን ታጠፈ። ጊዜው የፔሬስትሮይካ ነበርና ዝም አላለም። በ1988 መገባደጃ ላሪዮኖቭ በ«ኦጎንዮክ» መጽሔት ላይ የካምፑን ኑሮ የሚያጋልጥ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። በ1989 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፌቲሶቭ ከቲኮኖቭ ቡድን ውስጥ መጫወት እንደማይፈልግ በጋዜጣ ተናግሮ ክለቡን ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ የልምምድ ቦታዎች ተዘጉበት፤ ትናንት «ጀግና» ያሉት ዛሬ ሰላምታ ነፈጉት። አገር አሳድጋው የእናት ጡት ነካሽ ሆነ ተባለ።

የከሳሾቹ ክርክር ሲመዘን ባዶ አይደለም። በረዶውን፣ ጫማውን፣ አሠልጣኙን፣ ምግቡንና መኖሪያውን የሰጠው መንግሥት ነው። ያንን ሁሉ ያወጣው ከሕዝብ ኪስ ነው፤ ከእያንዳንዱ ከተመረጠ ልጅ በስተጀርባም ያልተመረጡ ብዙ ልጆች አሉ። ታዲያ ፍሬው ሲበስል ለሌላ ገበያ መውጣቱ ፍትሕ ነው?

ይህ ክርክር በጣም የቆየ ነው። አፍላጦን «ክሪቶን» በተባለው ድርሰቱ፣ ሞት ተፈርዶበት በወህኒ የተቀመጠው ሶቅራጥስ ወዳጁ አምልጥ ሲለው እምቢ ያለበትን ምክንያት ይተርካል። የአቴንስ ሕጎች እንደ ሰው ቀርበው ይሞግቱታል፤ የተወለድከው፣ ያደግኸው፣ የተማርከው በእኛ ነው፣ ስለዚህ ልታፈርሰን አይገባህም ይሉታል። ይህን ክፍል የውለታ ጠበቆች ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ ከዚያው ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ሕጎቹ አክለው፣ አንድ አቴናዊ አድጎ የከተማይቱን ሥርዓት ካየ በኋላ ካልወደደው ንብረቱን ይዞ ወደ ፈለገበት መሄድ እንደሚችል፣ ማንም እንደማይከለክለው ይናገራሉ። ሶቅራጥስ 70 ዓመት ሙሉ በሩ ተከፍቶለት አልወጣም፤ የቆየው ወዶ ነው፤ ስለዚህም ታስሯል። እንግዲህ የሕጎቹ ክርክር በሙሉ የቆመው በተከፈተው በር ላይ ነው። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የሶቅራጥስ ዝምታ ስምምነት ሊባል አይችልም ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ደግሞ በሩን ዘግታ ዕዳውን ትጠይቅ ነበር። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አበዳሪው ራሱ ዕዳውን ቆጣሪ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ በር ጠባቂ ሲሆን ተበዳሪው መቼ ከፍሎ እንደሚጨርስ የሚነግረው አይኖርም። የኦሎምፒክ ወርቅ አይበቃም፤ የዓለም ሻምፒዮናም አይበቃም። ማብቂያ የሌለው ዕዳ ዕዳ መባሉ ያጠራጥራል፤ ሌላ ስም አለው።

የፌቲሶቭን ታሪክ ልዩ የሚያደርገው ግን መውጣቱ ሳይሆን አወጣጡ ነው። በቀላሉ መኮብለል ይችል ነበር፤ ይህ ሐሳብ ቀርቦለትም አልተቀበለውም። በግንቦት 1989 ከስቶክሆልሙ የዓለም ሻምፒዮና ማግስት የ20 ዓመቱ አሌክሳንደር ሞጊልኒ ከቡድኑ ተለይቶ ወደ አሜሪካ ኮበለለ፤ በአገሩም እንደ ከዳተኛ ተቆጠረ። በወጣቱ ላይ መፍረድ አይገባም፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በመስኮት ቢዘል የሚወቀሰው ቤቱን የዘጋው ነው። ሆኖም የ31 ዓመቱ አምበል በዚያው ውድድር ተጫውቶ፣ ዋንጫውን ለአገሩ አስገኝቶ፣ ወደ ሞስኮ ተመልሶ መልቀቂያውን ጠየቀ። በበሩ ልውጣ ነው ያለው። አብዛኞቹ የቡድን ጓደኞቹም ፌቲሶቭ ካልተመለሰ አንጫወትም ብለው በአደባባይ ስለ ቆሙለት ነው በዚያ ውድድር ለመሰለፍ የበቃው።

ከጎኑ ያልቆመው ጥንዱ ነው። ካሳቶኖቭ ከቲኮኖቭ ጋር ቀረ። ለዓመታት ዘወር ብሎ ሳያይ ያመነው ሰው በቦታው አልነበረም፤ ሁለቱም ሆድና ጀርባ ሆኑ። በ1989 መጨረሻ ላይ ግን ካሳቶኖቭም ወደ አሜሪካ መጣ፤ ያስፈረመውም ያው ዴቭልስ ነበር። አሠልጣኞቹ ሁለቱን ከአንድ መስመር አሰለፏቸው። ፐክዋ ከአንዱ ዱላ ወደ ሌላው እንደ ድሮው ትሄዳለች፤ ሰዎቹ ግን ከሜዳ ውጭ አይነጋገሩም። የዕዳ ክርክር ብዙ ጊዜ በሰውና በአገር መካከል ያለ ይመስላል፤ እውነተኛው ስብራት ግን በሰውና በሰው መካከል ነው የሚደርሰው። ካሳቶኖቭ ፈሪ ነበር ለማለት ይቀላል። የጦር መኮንን ነበር፤ ትእዛዝ አከበረ፤ እርሱም የሚሳሳለት ቤተሰብ ነበረው። ይሁን እንጂ ጓደኛ በተከሰሰ ጊዜ ገለልተኛ መሆን ለከሳሹ ማድላት መሆኑን ይህ ታሪክ አይሸሽግም።

ገንዘብ ሌላው ፈተና ነበር። መንግሥት ሶቪንተርስፖርት በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ተጫዋቾቹን ለመልቀቅ የተስማማው ከደመወዛቸው ከፍተኛውን ድርሻ ለራሱ እየወሰደ ነበር። ፌቲሶቭ ይህን አልቀበልም አለ፤ ውሉን የምፈርመው እኔ ራሴ ነኝ ብሎ ጸና። ስግብግብነት ነው ያሉት ነበሩ። ነገር ግን በኪራይ የሚሄድ ሰው ነፃ ሰው አይደለም፤ ኪራዩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳልና።

አሜሪካም ገነት አልሆነችለትም። ተመልካቹ ይጮህበት፣ ተጋጣሚዎቹ በቂም ይመቱት ነበር። በ1995 ወደ ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ተዛወረ፤ በምላሹ ዴቭልስ ያገኘው በወጣት ተጫዋቾች ምርጫ የሦስተኛ ዙር ተራ ብቻ ነው። እዚያም ሰው ይሸጣል ይለወጣል ለሚል ሰው መልሱ ቀላል አይደለም። በእርግጥም ይለወጣል። ልዩነቱ ውሉ የማብቂያ ቀን ያለው መሆኑ ነው፤ ቀኑም በሁለቱም እጅ በወረቀት ላይ ተጽፏል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በባርነትና በሥራ መካከል ያለው ልዩነት ግን አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው።

በዲትሮይት አሠልጣኙ ስኮቲ ቦውማን አምስት ሩሲያውያንን በአንድ ላይ አሰለፈ፤ ፌቲሶቭ፣ ኮንስታንቲኖቭ፣ ላሪዮኖቭ፣ ፌዶሮቭና ኮዝሎቭ። ታራሶቭ ያስተማረው ቅብብል በአሜሪካ በረዶ ላይ እንደገና ታየ። በሰኔ 1997 ቡድኑ የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። ደስታው ገና ስድስት ቀን ሳይሆነው በደረሰ የመኪና አደጋ ኮንስታንቲኖቭና የቡድኑ ማሳጅ ባለሙያ ምናትሳካኖቭ ክፉኛ ተጎዱ፤ በዚያው መኪና ውስጥ የነበረው ፌቲሶቭ ቀላል ጉዳት ደረሰበት። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ፌቲሶቭ ከላሪዮኖቭና ከኮዝሎቭ ጋር ዋንጫውን ሞስኮ አስገባው። ዋንጫው የሩሲያን ምድር ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም በዕዳ መዝገብ ላይ አልጻፈለትም። ለስድስት ዓመታት ያህል የአገሪቱን የስፖርት አስተዳደር በመራበት ጊዜም፣ በታኅሣሥ 2009 በ51 ዓመቱ የሲኤስኬኤን ማሊያ ለብሶ አንድ ጨዋታ በተጫወተበት ጊዜም እንዲሁ ነበር። ውለታ በፈቃድ ሲመለስ ይህን ይመስላል፤ በሩ ክፍት ሲሆን ሰው ይመለሳል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በ2017 ግን የሩሲያ ምክር ቤት የዱማ አባል የሆነው ፌቲሶቭ፣ ወጣት ተጫዋቾች 28 ዓመት ሳይሞላቸው አገር ለቀው ወደ ውጭ ሊግ እንዳይሄዱ የሚያግድ ሕግ ያስፈልጋል ሲል ተናገረ። በሩን በትግል ያስከፈተው ሰው ቁልፍ ይሰጠኝ አለ። ሐሳቡን በግብዝነት ብቻ መፈረጅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሌላ ወገንም መታየት አለበት። ገና ጢም ሳያወጡ የሚሄዱት ልጆች ያሳደጓቸውን ክለቦች ባዶ እያስቀሩ መሄዳቸው እውነት ነው። እርሱ 31 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሁሉን ሰጥቶ ነው የወጣው፤ ከሌላውም የሚጠብቀው ራሱ የከፈለውን ያህል ነው። የመዘነበት ሚዛን የራሱ ሕይወት ነው።

የዚህ ሚዛን ጉድለት ደግሞ ሰውየው የሰጠውንና የተወሰደበትን መለየት አለመቻሉ ነው። ፌቲሶቭ ከ31 ዓመቱ በፊት ያሳለፋቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ስጦታ አልነበሩም፤ ሂድ ተብሎ ተከልክሎባቸው ያለፉ ናቸው። ከተቀማው ዕድሜ ላይ የሌላውን ዕዳ መተመን፣ በልጅነቱ የተገረፈ አባት አርጩሜውን ለልጁ እንደሚያወርሰው ነው። በእርሱ ስሌት በ1989 ፌቲሶቭ ራሱ ያለ አንዳች ችግር ይወጣ ነበር፤ የ20 ዓመቱ ሞጊልኒ ግን ስምንት ዓመት ይጠብቅ ነበር።

ሐሳቡ ሕግ ሆኖ አልወጣም። የቲኮኖቭ የልጅ ልጅ እንኳ፣ የአያቱን ስም እንደ ያዘ፣ ቀደም ብሎ በ2008 በፊኒክስ ቡድን ተመርጦ በአሜሪካው ሊግ ተጫውቷል። በ2022 ግን ከፊላደልፊያ ቡድን ጋር ውል የተፈራረመው የ25 ዓመቱ የሲኤስኬኤ በረኛ ኢቫን ፌዶቶቭ ከወታደራዊ አገልግሎት ሸሽተሃል ተብሎ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ተያዘ፤ ወደ ሰሜን ሩሲያም ተላከ። ፊላደልፊያ የደረሰው በመጋቢት 2024 ነው።