«ቻሉት» የሚለው ግሥና የሽንፋ አመድ

መተማ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ በቅድሚያ የሚሄደው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ወደ ወደቁበት የጦር ሜዳ ነው። በዚያው ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ ጦርነት እጅግ የራቀ ዘመን ታሪክ ተቀብሮ መኖሩን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ተመራማሪዎች «ሽንፋ መተማ 1» ብለው በሰየሙት ሥፍራ በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የኖሩ ሰዎች የጠረቧቸው ድንጋዮች፣ የበሏቸው እንስሳት አጥንቶችና የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶች ተገኝተዋል። ከእነዚህም መካከል ከሰው ጠጉር ውፍረት ያነሱ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣቶች ተለይተው ወጥተዋል። የቅንጣቶቹ ኬሚካዊ ይዘት ሲመረመር ምንጫቸው የእኛው የስምጥ ሸለቆ ተራራ ሳይሆን በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት የሚገኘው ቶባ ሆነ። ቶባ የፈነዳው ከዛሬ 74,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ፍንዳታው በተወው ጉድጓድ ውስጥ ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐይቅ ተኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ስታንሊ አምብሮዝ የተባሉ ምሁር የዚህ ፍንዳታ አመድና ጋዝ ፀሐይን ጋርዶ፣ ምድርን አቀዝቅዞ፣ የሰውን ዘር ወደ መጥፋት አቃርቦት ነበር የሚል መላ ምት አቅርበው ነበር። በጆን ካፐልማን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ያወጣው የሽንፋ ጥናት ግን ሌላ ሥዕል ያሳያል። በሰጎን እንቁላል ቅርፊትና በእንስሳት ጥርስ ውስጥ የታተመው የኦክስጅን ምልክት አካባቢው ይበልጥ መድረቁን ይመሰክራል። ሽንፋ በበጋ የሚቆራረጥ ወንዝ ነው። ድርቁ ሲበረታ ወራጁ ውኃ ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ ኩሬው ሲጠብ ደግሞ በውስጡ የታጎረው ዓሣ በቀላሉ ይያዛል። ሰዎቹም የዱር እንስሳት አደናቸውን ሳይተዉ ዓሣውን አበዙ። ከተገኙት ድንጋዮች መካከል ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች አሉ፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። አንዱ ኩሬ ሲሟጠጥ ወደሚቀጥለው መሄድ ግድ ስለሚል፣ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ያሉ የበጋ ወንዞችን እየተከተለ ሊሆን ይችላል የሚለውም ሐሳብ የእነርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም በደቡብ አፍሪካ ፒናክል ፖይንት የቶባን ቅንጣቶች አግኝቶ፣ ሰዎች በዚያ ኑሯቸውን ሳያቋርጡ መቀጠላቸውን አሳይቷል።

እኔን ያቆመኝ አንድ ቃል ነው። ተመራማሪዎቹ ለሽንፋ ሰዎች የሰጡት ምስጋና፣ ራስን ከተለወጠ አካባቢ ጋር ማስማማት የሚል ነው። ዐረቦች «ተከዩፍ» ይሉታል። ከዚሁ ሥር የወጣ ሌላ ቃል አለ፤ «ሙከይፍ»፣ የቤት ማቀዝቀዣ ማለት ነው። በካርቱም፣ ሪያድ ሠፈር በኖርኩባቸው ዓመታት ሙከይፉ የሚያጓራው ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ከምድጃ ጋር ተዘግታ ሙቀቱን እንድትለምድ የሚጠበቅባት ግን ወጥ ቤት ያለችው የአገራችን ልጅ ነበረች። እመቤቲቱ «ለምዳዋለች» ትላለች። መልመዷን የጠየቃት አልነበረም።

በአማርኛ «መላመድ» ብሎ መተርጐም ይቻላል። ሕዝባችን በእንዲህ ያለ ቦታ የሚመርጠው ግሥ ግን «ቻለ» ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ቻለ» ማለት ዐቅም አገኘ ማለት ነው፤ መከራን ተሸከመ ማለትም ነው። ዐቅምና ትዕግሥት በአንድ ግሥ ታስረዋል። «ቻል አድርጊው» እየተባለች ያደገች ሴት ማሰሪያው የት ላይ እንደሚያጠብቅ ታውቃለች።

የሽንፋ ሰዎች «ቻሉት» ስንል የምንናገረው ስለ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ችሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በውስጡ ያለችው እናት ግን ልጇን በዚያ በጋ ቀብራ ይሆናል። የአሸዋ ንብርብር የአንዲትን እናት ሐዘን ለይቶ አያስቀምጥም። ይህ የሳይንሱ ነውር አይደለም፤ መስፈሪያው የሺህ ዓመታት ነውና። ነውሩ የሚመጣው በሺህ ዓመት መስፈሪያ የተገኘውን ቃል አንሥተን፣ ትናንት ቤቷን በተቀማች ሴት ላይ ስናውለው ነው። ደግሞም ቶባ ተከሳሽ የለውም። ተከሳሽ በሌለበት መከራ የተጐዳውን ማመስገን ማንንም ነጻ አያወጣም። ተከሳሽ ባለበት ግን ምስጋናው ራሱ የነጻነት ማረጋገጫ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. «ፈነዳ»። እኛ እንዲህ እንላለን፤ ለተራራውም ለጦርነቱም ግሡ አንድ ነው። ዐረብኛውም ቢሆን ለቃጠሎ የሚለውን «ኢንደለዐ» ለጦርነት ይጠቀምበታል። ማን ለኰሰው? ግሡ አይናገርም። የሪያድ ቤቶች ወና ሆኑ። ሱዳናውያንም፣ ኢትዮጵያውያንም፣ ኤርትራውያንም በገዳሪፍና በጋላባት አድርገው ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ያ የሽንፋ ሰዎች ከኩሬ ወደ ኩሬ ይዘዋወሩበት ወደነበረው ቆላ ማለት ነው። ስደተኞች በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሠፈሩ። በ2016 ዓ.ም. ከእነዚያ መጠለያዎች ብዙዎች ዝርፊያና ጥቃት በዛብን ብለው ወጥተው በጫካ አደሩ። በዚያን ሰሞን «ቻይ ሕዝብ እኮ ነው» የሚል አድናቆት ስንት ጊዜ ሰማን?

ተቃራኒውን ክርክር አላቃልልም። ሰውን ተጐጂ ብቻ አድርጎ ማየትም ክብሩን መግፈፍ ነው። ገዳሪፍ በገባች በሳምንቱ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን የምትጥድ ሴት፣ ከሽንፋ ዓሣ አጥማጆች ጋር የሚያዛምዳት ብልኃት አላት፤ ይህን አይቶ አለማድነቅ ድንቁርና ነው። እኔ የምለው ብልኃቷን ስናደንቅ የተወሰደባትን ከመጠየቅ አንረፍ ነው። የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ዘለቀ፤ በአፍዴራ ደግሞ የከብቱን ግጦሽ ሸፈነ። በአመዱ የሚከሰስ የለም። ግጦሹ በአመድ ለተሸፈነበት አርብቶ አደር መኖ መድረስ አለመድረሱ ግን የተራራው ሥራ አይደለም፤ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አፋር በረሃውን ለምዶታል» የሚል መልስ ከሰማን፣ አንድ ሰው ከኀላፊነቱ እየሸሸ ነው።

ሽንፋ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከእኛ የእሳተ ገሞራ ደጋ የተፋቀው አፈር በዓባይና በገባሮቹ ተጭኖ የገዚራን ጥቁር ሸክላ ሜዳ ሠርቷል፤ የገዚራ ገበሬ የሚያርሰው የኛን የጥንት እሳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ሽንፋ ጥናት በማዘጋጀው ትርጉም የዚያን ዘመን ሰዎች ያለ ማመንታት «ቻሉት» ብያቸዋለሁ። ከሪያድ ስለወጡት በምጽፈው ላይ ግን ባለቤት ያለው ግሥ መረጥሁ፤ «አሳደዷቸው» የሚለውን። የሚያነብ ሰው «እነማን?» ማለቱ አይቀርም።