ምትክ ፀሐይ



አንድ አረጋዊ አባት ወይም አንዲት እናት በሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ መብራት ሥር፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጎመን ቢያበቅሉ ሥራቸው ምን ይባላል? እርሻ ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ በገባሁባቸው ቤቶች ወላጆችንና ልጆችን ሲያከራክር፣ አንዳንድ ጊዜም ሲያቀያይም አይቻለሁ።

ልጆች የሚሉት አላቸው። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ለምን ይደክማሉ? በሹቅ አንድ እስር ቅጠል በጥቂት ሸቅል ይገኛል። የመብራቱስ ሒሳብ?» ይላሉ። የአባት መልስ አጭር ነው፦ «እጄ ሥራ ፈታ።»

በመጀመሪያ የመብራቱን ነገር እንመልከት። ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ጉልበት ነው። የቀትር ፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ሲሆን የሳሎን መብራት ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኛ ዓይን ብሩህ የሆነ ክፍል ለተክል ጨለማ ነው። ለዚህ ሲባል ጠንከር ያለ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ከቅጠሉ በላይ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰቀልና በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይበራል። 40 ዋት የሆነ መብራት በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው የቤት ታሪፍ ይህ በወር ወደ 11 ሸቅል ነው። ቤት የሚያፈርስ ወጪ አይደለም። ቢሆንም እውነቱን እንናገር፦ መብራቱ፣ ማሰሮውና አፈሩ ሁሉ ሲደመር፣ ከሹቅ የሚገዛው ቅጠል ሳይረክስ አይቀርም። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ትክክል ናቸው።

ግን ሥራ የሚለካው በዋጋው ብቻ ነውን?

አባቶቻችን በጎንደር ገጠር ለብዙ ዘመን የመሬት ርስት ተከልክለው ኖረዋል። የሰው መሬት በጭሰኝነት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ እናቶቻችንም ሸክላ እየሠሩ ቤተሰብ አሳደጉ። መሬቱ የእነሱ አልነበረም። ከምርቱም ድርሻ ለባለ ርስቱ ይከፍሉ ነበር። ታዲያ ገበሬ ያሰኛቸው ምን ነበር? የመሬት ወረቀት አይደለም። ዘርን ከዘር መለየታቸው፣ ወቅቱን ማወቃቸው፣ ከሁሉም በላይ በእጃቸው ፍሬ ሌላ ሰው መመገባቸው ነው።

እዚህ ሲመጡ የተቋረጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ መድኃኒቱ ከኩፓት ሖሊም፣ የደብዳቤው ትርጉም ከልጅ ልጅ ይመጣል። ሁሉም መልካም ነው፤ ሁሉም ግን መቀበል ነው። ሲሰጥ የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀባይ ብቻ ሲሆን ክብሩ ይጎዳል። ለልጆች ብሩህ የሆነው ቤት ለእሱ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ አባት ለጎረቤት ቡና ከማሰሮው የጤና አዳም ቅርንጫፍ ቆርጦ ሲልክ የሰጠው ቅጠል ብቻ አይደለም። «እኔም ገና እሰጣለሁ» ማለቱ ነው። በዚህ በኩል ሥራው በእርግጥ እርሻ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሌላ ነገርም መነገር አለበት። መብራቱ ምትክ ነው። እኛ ደግሞ ምትክን እናውቃለን። ጤፍ ባልተገኘበት ጊዜ እናቶቻችን በስንዴ ዱቄት እንጀራ ጋግረዋል። ያ ምትክ መልካም ነበር፤ ቤተሰቡን በአንድ መሶብ ዙሪያ አቆይቷልና። ግን ክፉ ምትክም አለ። አንድ ልጅ መብራቱን ገዝቶ ከሰቀለ በኋላ «አባባ እንግዲህ ሥራ አገኙ» ብሎ ሦስት ወር ሳይጠይቃቸው ቢቀር፣ መብራቱ የተተካው በፀሐይ ፋንታ ሳይሆን በልጁ ፋንታ ነው። ተክሉ ብርሃን አገኘ፤ ሰውየው ግን ብቻውን ቀረ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ምትክ መልካም የሚሆነው ወደ ዋናው ነገር ሲያደርስ ነው፤ ዋናውን ላለመስጠት ማመካኛ ሲሆን ግን ይጎዳል።

ዋናው ነገር ደግሞ በከተማችን ሞልቷል። አሽቀሎን ፀሐይ አይቸግራትም። ከ2,000 ዓመት በፊት ገደማ የነበረው ግሪካዊው ጸሐፊ ስትራቦን ስለ አስቀሎና ሲጽፍ ሽንኩርቷን አመስግኗል። ፈረንጆች «ሻሎት» የሚሉት ሽንኩርት ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። ሻሎት ማለትም እኛ የአበሻ ሽንኩርት የምንለው፣ ለወጥ የምንከትፈው ዓይነት ነው። ወላጆቻችን ለዚህ ምድር ሽንኩርት እንግዶች አይደሉም ማለት ነው። በቤርሼባም በካሊሸር የቅሊጣ ማዕከል ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች መደብ ተሰጥቷቸው በሜዳ ላይ አትክልት ተክለዋል። በዚያ አረጋውያን ከፀሐዩ ጋር ሰውም አገኙ።

እርግጥ መውጣት የማይቻልበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ሮኬት በከተማችን ላይ ሲወርድ ብዙ አረጋውያን ከቤት አልወጡም። ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ የከለከላቸውም አሉ። መብራቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት በረከት ነው። በረንዳ ላለው ግን በረንዳው ይቅደም። ግቢ ካለ የሕንፃው ቫዓድ ባይት ትንሽ መደብ እንዲፈቅድ ይጠየቅ፤ ዕብራይስጥ የሚችል ልጅ ይህን ጥያቄ ለአባቱ ማቅረብ አያቅተውም።

ስለ ሰንበትም የሚጠይቁኝ አሉ። በአገር ቤት ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳት ይጠፋ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተሰቦች ዓርብ በሚሞላ የሰንበት ሰዓት መብራት ያበራሉ። በቀድሞው ሥርዓት ለመኖር የሚሹ ወላጆች ካሉ ግን መብራቱ ለሰንበት ይጥፋ። ጎመን አንድ ቀን በጨለማ ቢውል አይሞትም። አባት ግን በገዛ ቤቱ ሥርዓቱ ሲሻር ማየት ያሳምመዋል። ተክሉ የተተከለው ለሰው ነውና ሰው ይቅደም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ዘር ወይም ችግኝ ይዞ መግባት በሕግ የተከለከለ ነው። ጤና አዳም በዕብራይስጥ ሩዳ ይባላል፤ ችግኙ እዚሁ ይገኛል። የሀገሩን ሰርዶ በሀገሩ በሬ እንደሚባለው፣ እዚህ ካለው እንጀምር።

ውድ ልጆች፤ መብራት ለመግዛት ካሰባችሁ ግዙ። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ከመብራቱ አጠገብ ተቀመጡ። ልጆቻችሁን አምጡና መቼ እንደሚዘራ፣ ለምን እንደሚኮተኮት አያታቸውን ይጠይቁ። ስትወጡ የምትሰጡትን ብቻ አታስቡ፤ የሚሰጧችሁን ቅጠል ተቀበሉ። «በሹቅም አለ» አትበሉ። በሹቅ ያለው ሌላ ነው።

ቸር ይግጠመን።