በፍቅር የሚገዛ ጭካኔ

ጭካኔ ሁሉ ከቍጣ የሚወለድ ይመስለናል። ነገር ግን ተቈጥቶ ዱላ ያነሣ ሰው ቍጣው ሲበርድ ይጸጸታል፤ ሒሳብ አስቦ የሚጨክን ሰው ግን አይደክምም፥ አይጸጸትምም። እኔ ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው እላለሁ። ለዚህም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የታወቀው የቡችላ ንግድ ምስክር ይሆነኛል።

ሴት ውሻ አርግዛ የምትቈየው ሁለት ወር ያህል ነው። ትርፉን በቡችላ ብዛት የሚለካ ነጋዴ ይህን ቈጥሮ፥ እናቲቱን በጠባብ የሽቦ ቤት ዘግቶ፥ ሰውነቷ ሳያገግም ደጋግሞ ያስወልዳታል። ቡችሎቹ ታጥበው አምረው በሱቅ መስተዋት ውስጥ ይታያሉ፤ እናቲቱ ግን አትታይም። ገዢው ቡችላውን ወድዶ ሲከፍል፥ ሳያውቀው የእናቲቱን እስራት ዕድሜ ያራዝማል።

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሉሲ የምትባል ውሻ በዌልስ ከሚገኝ እንዲህ ካለ ስፍራ ወጣች። በጠባብ ቤት ከመኖሯ የተነሣ የጀርባ አጥንቷ ጐብጦ፥ የዳሌዋም አጥንት ተጣብቆ ነበር። በ2016 ሞተች። በስሟ የተጠራው ሕግ በእንግሊዝ አገር በኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጸና። ይህም ሕግ ዕድሜው ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ በመካከለኛ ነጋዴ እጅ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ገዢው ካረባው ሰው ወይም ከመጠለያ ብቻ እንዲወስድ አደረገ። የሕጉ ጥበብ የገዢውን ዐይን ወደ እናቲቱ ማቅረቡ ነው።

ሆኖም ሕግ ብቻውን ሕሊናን አይተካም። በአሜሪካ በ1966 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ሥር ያለው ደንብ፥ የውሻው ቤት ጣሪያ ከራሱ በላይ ስድስት ኢንች ከፍ ቢል ይበቃል ይላል። ይህን የፈጸመ ነጋዴ ከቅጣት ይድናል፤ ከጭካኔ ግን አልዳነም።

«ሰው በሚራብበት ዓለም ለውሻ ማዘን ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ርኅራኄ ግን ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጐድል የጐተራ እህል አይደለም፤ ሲሠሩበት የሚበረታ ጕልበት ነው። የሚሠቃየውን አካል እንደ ዕቃ መቍጠር የለመደ ልብ፥ ነገ ሠራተኛውንም እንዲሁ ይቈጥራል። የእኛ ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል። እርሱ ላበላው ታማኝ ሲሆን፥ የሰው ልጅ ታማኙን ፍጥረት እንዲህ ቢያደርገው ከሁለቱ ማን ይዋረዳል?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! አለማወቅና ለማወቅ አለመፈለግ ልዩ ልዩ ናቸው፤ በፊተኛው ሰው ይታዘንለታል፥ በኋለኛው ግን ይጠየቅበታል። ስለዚህ ደስ የሚያሰኝህን ነገር ለመግዛት ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት «እናቱ ወዴት ናት?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ ሊያሳይህ ካልወደደ፥ ገንዘብህን ወደ ኪስህ መልስ።