ጠላው ዋጋ ነው ወይ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ የእህቴ ልጅ አገር ሲያቋቁም ዋለ። አራት ጓደኞቹ ጠረጴዛውን ከበዋል፤ መሃላቸው በእጅ የተሣለ ካርታ፣ የማኪያቶ ብርጭቆዎችና ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ተቀምጧል። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይሆናል፤ አዳኝ፣ ደብተራ፣ ነጋዴ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ዓለሙን ይተርካል፣ ይዳኛል። ለአዲሱ አገሩ የደነገገው ሕግ አንድ ነው፤ ገንዘብ የለም። “ሁሉም ነገር በደቦ ነው የሚሠራው” አለ፣ ዘውድ እንደጫነ ሰው ኮራ ብሎ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠብ ተነሣ። ነጋዴዋን የምትጫወተው ልጅ ቤቷን ክዳን ላለበሱላት የመንደሩ ሰዎች ጠላ ጠመቀችና ወዲያው ማስታወሻዋን አውጥታ “አንድ ክዳን፣ አንድ ጋን ጠላ” ብላ ጻፈች።

“ዋጋ የለም አልኩሽ እኮ!”

“ታዲያ ጠላው ምንድን ነው?”

ወደ እኔ ዞሩ። “ጋሼ፣ እስቲ አንተ ፍረድ።” አጠገባቸው ቡና ስለጠጣሁ ብቻ ዳኛ ሆንኩ። ፈጥኜ ፈረድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፍርዴ እየቆረቆረኝ ነው።

ሳንቲም አለመኖሩ ገንዘብ አለመኖር እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ካፌው ውስጥ ከእኔ በቀር ወረቀት ብር ያወጣ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም በስልኩ ከፍሎ ይወጣል። የልጁ አመፅም ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ የእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ አባት፣ ተጫዋቹ ከዋሻ ይዞት የሚወጣውን ወርቅ እንደ ልምድ ይቆጥርለት ነበር። ወርቅ ያጋዘ ሰው ጀግና ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ለመሸሽ ወርቁን በጨው ወይም በፍየል መተካት ይቻላል፤ ይኼ ግን ቅርጽ መለወጥ ብቻ ነው። አክሱም በ7ኛው መቶ ዘመን ሳንቲም መምታት ካቆመች በኋላ፣ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ላይ ብር እስኪያስመቱ ድረስ አገሩ የራሱ ሳንቲም ባይኖረውም ገበያው አልተዘጋም። ከአፋር የሚቆረጠው አሞሌ እንዳይሸራረፍ በልጥ እየታሰረ፣ ከጨዉ ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ሲቸግር ወጥ ውስጥ ሊገባ መቻሉ ገንዘብነቱን አልቀነሰውም።

እኔ የፈረድኩት በሌላ መለያ ነው። ወንፈል ይቆጠራል፤ ዛሬ ካንተ ማሳ ከዋልኩ ነገ ከእኔ ማሳ ትውላለህ፤ የቀረ ሰው ቀን አለበት። ደቦ ግን አይቆጠርም። “የጻፍሽው ወንፈል ነው፤ ደቦ አይጻፍም” አልኳት። ማስረጃም ነበረኝ። ጠላው ዋጋ ቢሆን ኖሮ፣ ሲቀጥን አራሚው ከአረሙ ግማሹን ትቶ የመሄድ መብት ይኖረው ነበር። እንዲህ ሲደረግ አልሰማሁም። ሰዉ ያጉረመርማል፣ የባለቤቱን ስስት በግጥም ይነግረዋል፣ ሥራውን ግን ይጨርሳል። በመልሴ ረካሁ። ሁለተኛውን ቡና እስካዝ ድረስ ማለቴ ነው።

ልጅቷ አልረካችም። “ካልተጻፈ መቼ ያልቃል?” አለች።

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። እናቴ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራት፤ እህቴ ስትዳርም ሆነ አባቴ ሲሞት ማን ምን እንዳመጣ ተጽፎበታል። “ዕዳ ነው እንዴ?” ብላችሁ ብትጠይቋት ትቆጣ ነበር። ወደ ሰው ድግስ ከመሄዷ በፊት ግን ደብተሩን ገለጥ ታደርጋለች። አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ፣ በደጉ ዘመናቸው ለሁሉ የሚደርሱ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኑሮ ከዳቸውና ቀስ በቀስ ቤታችን መምጣት ተዉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም ሊጠይቃቸው አለመቻሉ ይመስለኛል ያራቃቸው። አምሳ ብር ቢበደሩን ኖሮ ወይ ይከፍሉ ነበር ወይ እናቴ “ይቅር” ትላቸው ነበር። ስም ያልወጣለትን ግን “ይቅር” ማለት አይቻልም። እስከ መጨረሻቸው ያልተዋቸው ዕድሩ ነው፤ ወርሃዊ መዋጮው የታወቀ፣ ቅጣቱ በደንብ የተጻፈ ዕድር። ሲያርፉ ድንኳኑም ወንበሩም በሰዓቱ ደረሰ። እኔ ልቤ ከደቦው ጋር ነው፤ ሴትዮዋን ደግፎ የያዛቸው ግን ቁጥሩ ነበር።

ደቦውም ቢሆን ቀረብ ብለው ሲያዩት ጠላ የሚሆን እህል ይጠይቃል። ጎተራው የሞላ ሰው ነው ደፍሮ ሰው የሚጠራው፤ የሌለው ንፍሮ ቀቅሎ፣ እያፈረ ይጠራል። ከዚህም የባሰ አለ። በገንዘብ ያልተከፈለው የአገራችን ኢኮኖሚ ደቦ ብቻ አልነበረም፤ ግብርም ነበር። ገባሩ ማርና እህል ያገባል፣ የጌታውን አጥር ያጥራል። ቋንቋችን ከገበሬው የሚወሰደውንም ለሠራዊቱ የሚበላውንም አንድ ስም ሰጥቶታል፤ ግብር ይገባል፣ ግብር ይበላል። ዳሱ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ያ የንጉሥ ቸርነት ነው። ከማሳው ዳር ለሚያየው ግን መቼም የማይዘጋ ሂሳብ ነው።

ታዲያ ዕዳ የሚዘጋው በገንዘብ ብቻ ነው? እንዲህም እንዳልል ኮስማስ ከለከለኝ። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ይህ ነጋዴ እንደሚለው፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ በኩል ሰዎችን ወርቅ ፍለጋ ሳሱ ወደሚባል አገር ይልክ ነበር። መልእክተኞቹ ሥጋ፣ ጨውና ብረት ዘርግተው ራቅ ይላሉ፤ የአገሩ ሰዎች ቀርበው በወደዱት ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ባለዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፣ ካልተስማማው ይተወዋል። ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም። ሳንቲም የለም፣ ዕዳም የለም፤ ሰላምታም የለም።

ስለዚህ ፍርዴን ሰብሰብ አደረግኩት። ስለ ገንዘብ የለሽ አገር ደግነት አሁን ደፍሬ አልናገርም። ለእህቴ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ላክሁለት፦ ከመንደርህ መውጣት የፈለገ ሰው እንዴት ይወጣል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጋዴዋ ጓዟን ጭና ልትሄድ ተነሣች። የመንደሩ ሽማግሌዎች መንገድ ዘጉባት፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እሱ ናቸው፣ ድምፁን እያጎረነነ። “ቤትሽን ክዳን አልብሰንልሽ የት ትሄጃለሽ?” ልጅቷ ማስታወሻዋን ገልጣ ገጹን አሳየችው። አንድ ክዳን፣ አንድ ጋን ጠላ። ዝም ብሎ አየው። ጋኑ ትልቅ ነው ትንሽ ብለው አዳኙና ደብተራው ሲከራከሩ አስተናጋጁ ሂሳቡን ይዞ መጣ፤ አራቱም ስልካቸውን አውጥተው “በሞቴ፣ ያለፈውን አንተ ከፍለሃል” መባባል ጀመሩ።