ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ይግባኝ ማለት ይገባዋልን?

በኮንጋችን በኩል አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት የጭነት መኪና ይበዛበታል። ከነዚህ አንዱ ሰው ገጭቶ ቢገድል፣ ሾፌሩም ጠጥቶ ነበር ተብሎ ቢፈረድበት፣ መጠጣቱንም ልቡ ቢያውቀው፣ የቀረበበት ማስረጃ ግን ጎደሎ ቢሆን፣ ይግባኝ ማለት ይገባዋልን? ብዙዎቻችን «ጠጥቶ ነዳ፣ ሰውም ሞተ፤ ምን ክርክር አለው?» እንላለን። እኛ ግን ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አይመስለንም።

በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 እንደሚለው፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው በመጠጥ ራሱን ስቶ እንደሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። መጠጡ ካልተረጋገጠ፣ ሌላ ማክበጃም ከሌለ፣ ቅጣቱ ከዚህ በብዙ ያንሳል። እንግዲህ የአንድ ሰው ብዙ ዓመት «አረቄ ሸተተኝ» በሚል አንድ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ነው።

በአሜሪካ ጥፋተኛነቱን የሚወስኑት ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች ናቸው፤ ዳኛው ሕጉን ያስረዳቸዋል፣ ይግባኝ ባዩም «አጣምሞ አስረዳቸው» ሊል ይችላል። በእኛ አገር ዳኛው ራሱ ስለሚፈርድ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ማስረጃውን የተቀበለበትን ወይም የጣለበትን ምክንያት እንዲጽፍ አዘዘው። ይግባኝ ባይ የሚመረምረው ይህን ጽሑፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበትን ሰው ጉዳይ አይቶ ነበር። ደሙን የመረመረው ባለሙያ ሳይቀርብ ባልደረባው ስለ መሰከረበት፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ሰውየው አልጠጣም ግን አላለም! በአገራችንም ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2001 ዓ.ም. ሰው ገጭቶ ሸሽቷል ተብሎ 6 ዓመት ተፈርዶበት፣ በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ብሎለታል። ክሱ የመጠጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ይግባኝ «ንጹሕ ነህ» ከማለት በታች ብዙ ደረጃ እንዳለው ያሳየናል።

የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ እውነቱን ከአጥፊው አፍ ይፈልጋሉ። ፍርድ ቤት ግን ከማስረጃ ይፈልጋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ብሏል። ታዲያ አንድ ሰው በሁለቱም ፊት ሊቆም አይችልምን? ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ባለ ጊዜ፣ ለሞት የሚያበቃ በደል ካለብኝ ከሞት አልሸሽም ብሎ ነበር። ሁለቱን በአንድ አፍ ተናገረ።

ስለዚህ ሾፌሩ «ማስረጃው አልበቃም» ቢል አንነቅፈውም፤ ነገ ያልጠጣው ወንድማችን በሽታ ብቻ እንዳይፈረድበት ይጠቅማልና። «አልጠጣሁም» ብሎ ቢምል ግን ያ ይግባኝ አይደለም፣ ሐሰት ነው። የሚከብደን የሟች እናት ናት፤ «ይግባኝ አለ» ሲሏት የምትሰማው «ልጅሽን አልገደልሁም» የሚል ነው፣ አንቀጽ ቁጥር ማን ያስረዳታል?

ያው የ1954ቱ ሕግ የይግባኝ ማስታወቂያ ለማስገባት 15 ቀን ሰጥቷል። በነዚያ ቀኖች ውስጥ ሾፌሩ ወደ ሐዘኑ ቤት ሽማግሌ ይልካልን፣ ወይስ ጠበቃ ብቻ ይፈልጋል?