ደንቡ ምንድር ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ አንድ ጨዋታ ተጫውተን ነበር። አጫዋቹ በልቡ ስውር ደንብ ይዞ «ዳቦ፣ ማር፣ ቅቤ ይገባሉ» አለ። እኔም «ምግብ ነው» ብዬ በልቤ ወሰንሁና «ዶሮስ? ጨውስ? ዓሣስ?» ብል ሁሉም ገቡ። ከሁላችን የምታንሰው ልጅ ግን «ቤትስ?» አለች፤ ገባ። «እንጀራስ?» አልገባም። ለካ ደንቡ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ኖሮአል!

እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፒተር ዌሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለ29 ተማሪዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉትን ቍጥሮች ሰጥተው ደንቡን ጠይቀዋል። ደንቡ እየጨመረ የሚሄድ ቍጥር ሁሉ ነበር። በመጀመሪያ መልሳቸው ያገኙት 6 ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግምታቸውን የሚደግፈውን ብቻ ይጠይቁ ነበርና።

ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደንብ ነበራቸው (ዮሐ. 9)። የጠየቁት የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ነው፤ በደል መኖሩንስ አልተጠራጠሩም። ጌታ ግን ሁለቱንም አልተቀበለም።

ይህን የምጽፈው ስለ ጨዋታው ብቻ አይደለም። ከመዘምራኑ አንድ ወንድማችን ሦስት ወር ሲቀር «ዓለም ወሰደችው» አልን። ማታ ማታ ከተማ ይታያል ሲባል «አላልንም?» አልን። (ከሁሉ አብዝቼ የተናገርሁት እኔ ነኝ።) ቤቱ ሄዶ የጠየቀው ግን አልነበረም። እናቱ ታመው አልጋ ይዘዋል፤ ማታ የሚታየው መድኃኒት ፍለጋ ሲወጣ ነው። ይህንም የሰማነው ከጎረቤት ነው።

በሚመጣው እሑድ ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ምን እንደምለው ገና አላወቅሁም።